ሰው ከሥሩ ሳለ የሚነሣ ጣሪያ

ጥያ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ሁለት አናጢዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው አሮጌ ቆርቆሮ ይነቅላሉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። የመዶሻው ጥፍር የዛገውን ሚስማር ሲያስለቅቅ የሚያወጣው ጩኸት መንገድ ማዶ ድረስ ይሰማል። ቤቱ አንድ ወጥ ጣሪያ፣ ስድስት ክፍልና ስድስት በር አለው፤ በየክፍሉ ተከራይ ይኖራል። አምስቱ በሮች ከውጭ ተቆልፈዋል። ስድስተኛው የተቆለፈው ግን ከውስጥ ነው። ተከራዩ ሌሊቱን በጥበቃ ሥራ አድሮ ማለዳ የገባ ሰው ስለሆነ እንቅልፍ ላይ ነው። ያን ሁሉ ጩኸት ችሎ ይተኛል፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን በጩኸት መካከል መተኛት ይለምዳል።

ከገበያ የተመለሱ አንዲት ጎረቤት ዘንቢላቸውን ሳያስቀምጡ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ከሥራችሁ ሰው ተኝቷል እኮ!» አሉ። አናጢው መዶሻውን አቆመ። «በሩ ዝግ ስለሆነ ሰው የለም ብለን ነው፣ እናቴ።»

ሰውየው ተቀስቅሶ ወጣ፤ የደረሰበት ነገር የለም። እኔን ግን ያ ዝግ በር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። አናጢው ሥራውን የሚያውቅ፣ ቅን ሰው ነበር። አከራይዋም ገንዘብ ቆጥበው የተከራዮቻቸውን ጣሪያ የሚያድሱ ሴት ናቸው። የጎደለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስድስቱን በሮች አንኳኩቶ «ቀን ማን ይኖራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነበር።

ጥያን ብዙ ሰው የሚያውቃት በትክል ድንጋዮቿ ነው። ሠላሳ ስድስቱ ድንጋዮች በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ የሚመጣ ጎብኚ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ድንጋዮች አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ከድንጋዮቹ ማዶ ያለችው ከተማ ግን እንደ ቡኢ፣ እንደ ቡታጅራና እንደ ወልቂጤ ሁሉ የምትኖረው በቆርቆሮ ሥር ነው። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የሱቅ ሠራተኛው፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣው ልጅ የሚከራዩት በግቢ ውስጥ ተያይዘው የተሠሩ ክፍሎችን ነው። እኔ ይህንንም አፓርታማ እለዋለሁ፤ ቃሉ ፎቅን ያስታውሳል እንጂ ቁም ነገሩ ከፍታው አይደለም። ብዙ ቤተሰብ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ የግቢ በር ከተጋራ በጣሪያው ላይ የሚሠራው ሥራ የሁሉም ጉዳይ ነው።

ቆርቆሮ የሚቀየርበት ምክንያት የታወቀ ነው። በአገራችን ገበያ የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ይሳሳል። ባለ 35 ጌጅ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ርካሽ ስለሆነ ለኪራይ ቤት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። የማድ ቤት ጭስ ከታች፣ ዝናብ ከላይ እየበሉት ከሚስማሩ ቀዳዳ ጀምሮ ይዝጋል። መጀመሪያ አንድ ባልዲ ከሥሩ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ አልጋው ወደ ሌላው ግድግዳ ይጠጋል፤ በመጨረሻ አናጢ ይጠራል።

የሚጠራበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ለሥራው የሚመች አይደለም። በጉራጌ አገር መስቀል የዓመቱ ማሰሪያ ነው። ከአዲስ አበባና ከየአገሩ ያለው ዘመድ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቤት ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ይታደሳል። እናም «ለመስቀል ይድረስልኝ» የተባለ ጣሪያ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ይከፈታል። ያን ጊዜ ደመናው ሰዓት አይሰጥም። አናጢው በጥድፊያ ይሠራል፤ ቤተሰቡ ዕቃውን ከዝናብ ሊያድን ከተከፈተው ጣሪያ ሥር ይራወጣል። የምችል ቢሆን ለእያንዳንዱ አከራይ ጣሪያውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ አስቀይሩ ብዬ እለምን ነበር። በልጉም አልገባ፣ ክረምቱም ወጥቷል። በጋ ግን ነፋስ አለው፤ ስለዚህ ከባዱን ሥራ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ መጨረስ ይበጃል።

ስለ ጣሪያ ሥራ አደጋ ሲወራ ቶሎ የሚታሰበን ከላይ ያለው ሰው መውደቁ ነው። እውነት ነው፣ ሠራተኛው ገመድና ጽኑ መሰላል ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከሥር ያለው ሰው የሚጠብቀው አደጋ ሌላ ነው፤ እሱ ሥራውን አልመረጠም፣ ክፍያም የለውም፣ መቼ ምን እንደሚወርድም አያውቅም። ከ3 ሜትር ከፍታ ያመለጠ መዶሻ መሬት ለመድረስ አንድ ሴኮንድ አይሞላውም፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። «ተጠንቀቅ!» ብሎ ለመጮህም፣ ሰምቶ ቀና ለማለትም ጊዜ የለም። ስለዚህ ጩኸት መከላከያ አይሆንም። መከላከያው ቀድሞውኑ ሰው እዚያ አለመኖሩ ነው።

ቆርቆሮ ደግሞ እንደ መዶሻ ቀጥ ብሎ አይወርድም። የ2 ሜትር ስስ ቆርቆሮ ክብደቱ ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ ጫፉ ግን ቢላ ነው፤ ነፋስ ከሥሩ ከገባ እንደ ወረቀት ይንሳፈፋል። ከግድግዳው ሥር ብቻ ገመድ መወጠር የማይበቃው ለዚህ ነው። ቢያንስ የግድግዳውን ቁመት ያህል፣ ነፋስ ካለ ደግሞ የዚያን እጥፍ ወጣ ብሎ መከለል ያስፈልጋል። የተነቀለ ቆርቆሮ ከላይ አይወረወርም፤ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፣ መሬት ላይ ተደርድሮም ድንጋይ ይጫንበታል። አዲሱ ሲመታም ሥራው ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጫፍ ይጀመራል። ያን ጊዜ የአንዱ ቆርቆሮ ጠርዝ በሌላው ላይ ሲደረብ አፉ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። ግማሹ ሚስማር ተመቶ ግማሹ «ነገ» የተባለለት ቆርቆሮ በሌሊት ነፋስ ተገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ሊያድር ይችላል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ኤሌክትሪኩ ነው፤ የማይታይ ስለሆነም ትንሽ ልቆይበት። በእንዲህ ያለ ግቢ ብዙውን ጊዜ አንድ ቆጣሪ አለ። ከቆጣሪው የሚወጣው መስመር በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል በሞራሌው ላይ እየተሳበ ለየክፍሉ ይከፋፈላል። አንዱ ተከራይ ምጣድ ሲያስገባ ሌላ ሽቦ ተቀጥሏል፤ ሌላው ቴሌቪዥን ሲገዛ እንደገና ተቀጥሏል፤ መጋጠሚያው በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ አይጥም ሽፋኑን በልቶታል። ይህ ሁሉ ጣሪያው እስኪነሣ ድረስ ለማንም አይታይም። አናጢው ቆርቆሮውን ሲጎትት ጠርዙ አንዱን ሽቦ ቢሸረክት፣ ከብረት ሚስማርና ከብረት ቆርቆሮ የተሠራው ጣሪያ በሙሉ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። ጣሪያው ደግሞ ብቻውን አይደለም። በሩ የቆርቆሮ ነው፤ አሸንዳው ብረት ነው፤ ከጣሪያው ጫፍ ተነሥቶ እስከ አጥሩ ቋሚ የተወጠረው የልብስ ማስጫም ሽቦ ነው። አንዲት እናት እርጥብ ልብስ ይዛ ያንን ሽቦ ስትጨብጥ አናጢው ከላይ ምን እንደነካ ልታውቅ አትችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሚስማር ከመነቀሉ በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጠፋል፤ ልብስ ማስጫውም ከጣሪያው ይፈታል። ማጥፊያው ከወረደ በኋላ አንድ ሰው እዚያው ይመደባል፤ አለበለዚያ ስልክ ቻርጅ ማድረግ የፈለገ ልጅ መጥቶ መልሶ ያበራዋል። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይዘነጋል። ቆጣሪው ላይ የሚጠፋው ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ብቻ ነው። ከምሰሶ ተነሥቶ በጣሪያው ጫፍ በኩል እስከ ቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ማጥፊያው ወርዶም ኃይል አለው። እሱ ለሥራው የሚቀርብ ከሆነ መስመሩን የሚያቋርጠው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያ እንጂ አናጢው አይደለም። ባለሙያ እስኪመጣ አንድ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ቢወስድም መጠበቅ ነው።

ጣሪያ ከተነሣ በኋላ ያለው ሌላው ጉዳይ ግድግዳው ነው። በእነዚህ ከተሞች ብዙው ቤት የጭቃ ነው፤ ቋሚና ማገር ተማግሮ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጎ የቆመ። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ ጣሪያው ቆብም ቀበቶም ነው። ቆርቆሮው ብቻ ተነሥቶ ወራጁ ባለበት ከቆየ ግድግዳው እንደታሰረ ነው። ወራጁም በስብሶ አብሮ የሚቀየር ከሆነ ግን የግድግዳው ራስ ነጻ ይሆናል። ባለ ስድስት ክፍል ቤት ረጅም የፊት ግድግዳ ያለ ወራጅ፣ ያለ ድጋፍ አንድ ሌሊት ዝናብ ከመታው ጭቃው ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ያዘነብላል። ከዚያ ግድግዳ ሥር አልጋ መኖር የለበትም። ወራጅ የሚቀየርበት ክፍል ነዋሪ ያን ሌሊት ሌላ ቦታ ማደር አለበት፤ የት እንደሚያድርም ከአንድ ሳምንት በፊት መታወቅ አለበት።

የሥራው ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ሁሉንም ይወስናል። ብዙ አናጢ ጣሪያውን በአንድ ጊዜ ገልጦ በአንድ ጊዜ መምታት ይወዳል፤ ለእጅ ይቀላል፣ መስመሩም ቀጥ ይላል። ሰው ለሚኖርበት ቤት ግን የሚከፈተው እስከ አሥር ሰዓት ሊከደን የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ሁለት ክፍል ይከፈታል፣ ሁለት ክፍል ይከደናል፤ በማግስቱ ቀጣዮቹ ሁለት። የሁለቱ ክፍል ነዋሪዎች ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። ይህ አሠራር በአናጢው ላይ አንድ ሁለት ቀን ይጨምራል፤ አከራዩም የዚያን ዋጋ ይከፍላል። ይህ ወጪ ከቆርቆሮውና ከሚስማሩ ጋር አስቀድሞ መሰላት ያለበት ነው። ለድንገተኛ ዝናብ የሚሆን ሸራም ግቢው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ደመና ካዩ በኋላ ሸራ ፍለጋ ቡኢ ድረስ አይሄዱም።

በመካከል ስለ አቧራው ጥቂት ልበል። አሮጌ ቆርቆሮ ሲነሣ በኮርኒሱ ላይ የተኛው የዓመታት አቧራ፣ ጥቀርሻና የአይጥ ኩስ ይረግፋል። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ወይም ከአቡጀዲ ከሆነ ሁሉንም ያሳልፋል። አራስ፣ ሕፃን፣ አስም ያለበት ሰው ቢያንስ እስኪጠረግ ድረስ በግቢው መቆየት የለባቸውም። የውሃ እንስራና ሊጥ ይከደናል፤ ይህን እናቶቻችን ሳይነገራቸውም ያደርጉታል።

የአገሩ ሰው ጣሪያ መቀየርን ያወቀው በቆርቆሮ አይደለም። በጉራጌ ገጠር ትልቁ የሣር ቤት በመካከሉ ምሰሶ ቆሞ፣ ክዳኑ በየጊዜው ይታደስ ነበር፤ ዛሬም በየጀፎረው (በየመንደሩ ሰፊ መንገድ) ዳር ያን ባህል የያዙ ቤቶች አሉ። ክዳን ሲነሣ ሥራው የደቦ ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ሣር ይታጨዳል፣ ማሰሪያ ይዘጋጃል። ከብቱ ከቤት ይወጣል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ሕፃናት ወደ ጎረቤት ይላካሉ። ይህን የሚያዝ ደንብ የተጻፈበት ወረቀት አልነበረም። የቤቱ ሰው ራሱ ሠሪ ስለነበረ ማን ከሥር እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር። ደረቅ አሮጌ ሣር ከምድጃ አጠገብ እንደማይከመርም ያውቁ ነበር።

በኪራይ ግቢ የተለወጠው ይኸው ነው። የጣሪያው ባለቤት ሌላ፣ ሠሪው ሌላ፣ ከሥሩ የሚኖረው ሌላ ሆነዋል። አከራይዋ አዲስ አበባ ወይም ቡታጅራ ሊኖሩ ይችላሉ። አናጢው የሚያውቀው ካሬ ሜትርና የሚስማር ኪሎ ነው። ተከራዩ ደግሞ ሥራው መኖሩን የሚሰማው መዶሻው ሲጀምር ነው። ደቦው ያለ ወረቀት ይሰጥ የነበረውን እውቀት አሁን አስቦ የሚተካ ሰው ያስፈልጋል። ግቢው የእድር አባላት ካሉበት የእድሩ ዳኛ፣ ከሌሉበትም ከተከራዮቹ አንድ የተከበረ ሰው ከአናጢው ጋር ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ቢል ይበቃል። ማን ቀን ይተኛል? የማን እናት ከአልጋ አትነሣም? እንጀራ የሚጋገረው በየትኛው ቀን ነው? ነፍሰ ጡር አለች? ቁልፍ ይዞ መስክ የወጣው ማነው? መልሶቹ በአንድ ገጽ ይጻፋሉ፤ አናጢውም ገጹን ይዞ ይወጣል።

ሥራና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲደባለቁ ምን እንደሚመጣ በቅርብ አይተናል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ አረርቲ ከተማ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ ሥራ የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። ሟቾቹ ለማርያም ክብረ በዓል የመጡ ምእመናን ነበሩ። የእንጨት መወጣጫ የሚሰላው ለጥቂት ሠራተኞችና ለዕቃቸው ነው፤ የበዓል ሕዝብ ሲጨመርበት ማሰሪያውም ቋሚውም አይችለውም። እነዚያን ነፍሳት ሳስብ የሚቆጨኝ የቀኑ ነገር ነው። በዓሉ በየዓመቱ በዚያው ቀን እንደሚውል ሁሉም ያውቅ ነበር። ወደ መወጣጫው የሚያስገባው መንገድ ያን ቀን መዘጋት ነበረበት። በየግቢያችን የሚቆመው የባሕር ዛፍ መወጣጫም እንዲሁ ነው፤ ልጆች ለመጫወት ይወጡበታል። ማታ ሥራ ሲያበቃ የታችኛው መረገጫ ተፈትቶ፣ መሰላሉም ተነሥቶ መቆለፍ አለበት።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ቁጥር 2078 ከዚህ ይበልጥ ጠቃሚ ይመስለኛል፤ ከሌላ ሰው ሕንፃ ጉዳት ያሰጋኛል የሚል ሰው ባለቤቱ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ሊጠይቅ ይችላል። ማለትም ጎረቤት ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። ቁጥር 2080 ደግሞ ከሕንፃ ለሚወድቁ ነገሮች ኃላፊነቱን የሚጥለው ቤቱን ይዞ በሚኖርበት ሰው ላይ ነው። ተከራይ ይህን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም፤ መደንገጡም ይጠቅመዋል። በሥራው ቀናት ለሚወድቀው ነገር ተጠያቂው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ መስፈር አለበት ማለት ነው። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን የሚያዘው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራበት ከተማ ለዚህ ጥሩ ቦታ ይሰጣል፤ በውሉ ላይ ስለ ጣሪያ እድሳት አንድ አንቀጽ መጨመር ይቻላል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ ያተኮረው ነዋሪያቸው 10,000 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ከተሞች ላይ ነበር። ከዚያ ያነሱ ከተሞች ጥንቃቄያቸውን ከራሳቸው ነዋሪዎች መጠበቃቸው ግድ ነበር።

ብዙ የጥያና የቡታጅራ ልጅ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል፤ ጥያቄው እዚያም ይከተለዋል። በጂ+4 ብሎክ ጣሪያው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ንብረት ነው፤ የሚያስተዳድረውም የባለቤቶች ማኅበሩ ነው። የሚያፈሰው ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የታችኛው ፎቅ ባለሱቅ መዋጮውን ያዘገያል፣ ማኅበሩ ርካሽ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሥራው ነዋሪው ሁሉ ቤቱ ባለበት ቅዳሜ ይጀመራል። ከ15 ሜትር የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የብሎኩ አንድ መግቢያ ነው። ከመግቢያው በላይ በጠንካራ ጣውላ የተሠራ መጠለያ ሳይቆም ሥራ መጀመር የለበትም። ደረጃውም የሞራሌና የቆርቆሮ ማከማቻ መሆን የለበትም፤ እሳት ቢነሣ ሰው የሚያመልጥበት ብቸኛ መንገድ እሱ ነው። በኅዳር 2018 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነዋሪዎች እየኖሩባቸው በሚታደሱ ረጃጅም ሕንፃዎች ላይ የተነሣው እሳት፣ በቀርከሃ መወጣጫና በመሸፈኛ መረብ ተጠቅልለው በነበሩት ሕንፃዎች ተዛምቶ ከ150 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንመለስ፣ በየብሎኩ አጠገብ ለእርድና ለልብስ አጠባ የተሠራው የጋራ መገልገያ ቤት በሥራው ቀናት ለሕፃናትና ለአረጋውያን መዋያ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ያለው ከማኅበሩ ዘንድ ነው።

ወደ ጥያው ግቢ ልመለስ። ጣሪያው በሦስተኛው ቀን ተጠናቀቀ፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አናጢው በየጠዋቱ በሮቹን ያንኳኳ ነበር። ማታ አሮጌው ቆርቆሮ በጋሪ ከተጫነ በኋላ ግቢው የጸዳ መሰለ። እኚያ ዘንቢል ይዘው የጮኹት እናት ግን ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በገመድ አስረው፣ ጎንበስ ብለው ከበር እስከ በር መሬቱን ይጎትቱ ጀመር። ማግኔቱን ባነሡት ቁጥር የዛገ ሚስማር፣ የተቆረጠ የሚስማር ራስ፣ እንደ ምላጭ የሳለ የቆርቆሮ ቅራፊ ተንጠልጥሎ ይመጣል። መንጋጋ ቆልፍ በእንዲህ ያለ ቁስል እንደሚገባ ያውቃሉ። ሁለት ባዶ እግራቸውን የሆኑ ልጆች ሊከተሏቸው ሲሉ ደረጃው ላይ እንዲቀመጡ አዘዟቸው። አንድ የቲማቲም ጣሳ ሞላ። «ገና ነው፤ ነገ በፀሐይ ደግሜ አየዋለሁ» አሉና ጣሳውን ከፍ ባለ ቦታ ሰቀሉት።